ወር እንቁላል አይጥልም

ፋሲካ አልፎ የዶሮ ዋጋ ቀዝቀዝ ባለበት ሰሞን ለጓሮዬ ቄብ፣ ማለት ገና መጣል ያልጀመረች ወጣት ዶሮ፣ ልገዛ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ነበር። ከአጠገቤ ቆመው ይመርጡ የነበሩ አንዲት እናት፣ ሻጩ አብዝቶ ያሞገሰላቸውን ትልቅ ቀይ ሳሶ፣ የፈረንጅ ዝርያ የሆነች ዶሮ፣ ትተው ከእርሷ በብዙ የምታንስ ገብስማ ቄብ ሲያነሡ አየሁ። ሻጩ ወጣት ነው፤ ቀይዋን ዶሮ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «እማማ፣ ይቺ እኮ አምስት ወሯን ደፍናለች፤ ዛሬ ቢወስዷት ነገ ተነገ ወዲያ ትጥልልዎታለች» አላቸው። እርሳቸውም ዓይናቸውን ከገብስማዋ ሳያነሡ፣ «ወሩ ምን ያደርግልኛል ልጄ፤ ወር እንቁላል አይጥልም» ብለው መለሱለት።

ነገሩ እንደ ቀልድ ተነግሮ እንደ ቀልድ ሊረሳ ይችል ነበር። እኔ ግን ልረሳው አልቻልሁም፤ ጫጩት ማሳደግ ከጀመርሁ ወዲህ ስጠይቀውም ስጠየቀውም የኖርሁት ይህንኑ የወር ጥያቄ፣ «ዶሮ በስንት ወሯ መጣል ትጀምራለች?» የሚለውን ነውና። ጫጩት የሚያሳድግልን ነጋዴ፣ የግብርና ባለሙያው፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሁሉም ለየዝርያው አንዳንድ ቁጥር አለው፦ የሐበሻዋ ሰባት ወር፣ ሳሶ አምስት ተኩል፣ ኮኮክ አምስት፣ ቦቫንስ አራት ተኩል። ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም። ሆኖም በአንድ ቀን ተፈልፍለው፣ ከአንድ አሳዳጊ ተገዝተው፣ በአንድ ጓሮ ካደጉ ቄቦች መካከል አንዷ ስትጥል ሌላዋ ከወር በላይ ስትዘገይ ያየ ሰው፣ ቁጥሩ ያላካተተው ነገር እንዳለ መጠርጠሩ አይቀርም። እኔም እጠረጥር ነበር፤ የጎደለውን በእጄ የዳሰስሁት ግን ያን ቅዳሜ ነው።

ከጅራቷ ሥር ያሉ ሁለት አጥንቶች

እኒያ እናት ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ከመፍታታቸው በፊት ያደረጉትን ሁሉ በቅርብ ተመለከትሁ። በመጀመሪያ የቄቧን ፊት ወደ ብርሃን መልሰው አዩት። አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ትንሽ ቢሆንም ደም የመሰለ ቀይ፣ በጣት ሲነኩትም ለስላሳ ነበረ፤ የትልቋ ሳሶ ግን ገና የገረጣና ደረቅ ያለ ነበረ። ቀጥለው ቄቧን ራሷን ወደ ኋላ አድርገው ከብብታቸው ሥር ያዟትና ከጅራቷ በታች፣ እንቁላል ከሚወጣበት ስፍራ ግራና ቀኝ ጣቶቻቸውን አሳረፉ። በመጨረሻም ከዚያ አንሥተው እስከ ደረቷ አጥንት ጫፍ ያለውን የሆድ ስፍራ በጣታቸው ለኩ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ሻጩ ዋጋውን ተናግሮ እስኪጨርስ ነው።

«እማማ፣ ምን እያዩ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ነይ፣ ንኪያት እስቲ» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱት። ከገብስማዋ ቆዳ ሥር ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ተሰሙኝ፤ በመካከላቸውም ሁለት ጣቶቼ ጎን ለጎን ያለ ችግር ገቡ። ከዚያ ሳሶዋን አስነኩኝ። የእርሷ አጥንቶች ወፍራምና የተጠጋጉ ነበሩ፤ አንድ ጣት እንኳ በቅጡ አያስገቡም። «ይቺ ገና ልጅ ናት። ገላዋ አድጓል፣ ቤቷ ግን አልተከፈተም» አሉኝ። የገብስማዋን ዕድሜ ብጠይቃቸው፣ «እኔ በምን አውቄ፤ እርሷ ካወቀችው ይበቃል» ብለው ከፈሉና ዶሮዋን ይዘው ወደ ዘጌ የምትመለሰው ጀልባ እንዳታመልጣቸው ፈጥነው ሄዱ።

ያን ዕለት የዳሰስሁት ነገር በቄቧ ሰውነት ውስጥ ሲካሄድ የቆየ ሥራ ወደ ውጭ የወጣበት ምልክት እንደ ሆነ አሁን አውቃለሁ። ሴት ጫጩት ከቅርፊቷ ስትወጣ በዘመኗ ልትጥላቸው የምትችላቸውን ፍሬዎች ሁሉ በጥቃቅኑ ይዛ ነው፤ ፍሬዎቹ የሚገኙት በግራ ጎኗ ባለው የእንቁላል እጢ ውስጥ ሲሆን፣ የቀኙ እጢ በአብዛኛው ሳያድግ ይቀራል። እንግዲህ ወራት የሚፈጀው ሰውነቷ እነዚያን ፍሬዎች ለማሳደግ አቅም እስኪያገኝ ያለው ጊዜ ነው። አቅሙ ሲገኝ ከእጢው የሚመነጨው ሆርሞን በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ያንቀሳቅሳል፦ አናቷ ላይና ከመንቁሯ ሥር ያለው ሥጋ በደም ይሞላል፣ የዳሌዋ አጥንቶች ይራራቃሉ፣ እንቁላሉ የሚያልፍበት ቱቦ ይረዝማል፣ ጉበቷም ለአስኳሉ የሚሆነውን ስብ ማዘጋጀት ይጀምራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በአጥንቶቿ ውስጥ የሚሆነው ነው። ዶሮዋ የመጀመሪያውን እንቁላል ከመጣሏ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድማ በረጃጅም አጥንቶቿ ውስጠኛ ክፍት ስፍራ ካልሲየም ታከማቻለች። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻውን 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፤ አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ ከሚወስደው ከ24 እስከ 26 ሰዓት ውስጥ 20 ያህሉ የሚያልፈውም በቅርፊቱ ሥራ ላይ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል የሚፈጸመው ሌሊት፣ ቆጥ ላይ ሆና ምንም በማትበላበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ የጎደለውን ከአጥንቷ ትበደራለች። ስለዚህ ገና ምንም ሳትጥል የነበረችበት ያ የመጨረሻ ወር፣ ለእኛ ለባለቤቶቿ ሥራ ፈትታ እህል የምትጨርስበት ወር መስሎ የሚታየን፣ ለእርሷ ከዓመቱ ሁሉ ብዙ የምትሠራበት ወቅት ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ ሌሎች ምልክቶችም ዓይን ውስጥ ይገባሉ። እጅ ሲዘረጋባት ትሸሽ የነበረች ቄብ ክንፏን ከፈት አድርጋ መሬት ላይ ዝቅ ማለት ትጀምራለች። ጥግ ጥጉን፣ ከእህል ከረጢቱ ኋላ፣ ያረጀው ቅርጫት ውስጥ እየገባች ትወጣለች፤ ድምፅዋም ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ጨለም ባለ ስፍራ ጭድ አንጥፎ ካላዘጋጁላት የራሷን ቦታ መርጣ ትደብቃለች፤ በሐይቁ አቅራቢያ ለምንኖር ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ እንቁላል መጀመሪያ የሚያገኘው አርጃኖ ነው።

ገበያ ላይ ያለ ሰው ተቃራኒውንም መጠንቀቅ ይኖርበታል፤ ብዙ የጣለች አሮጊት ዶሮ ቄብ ተብላ የምትሸጥበት ጊዜ አለ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ በዶሮ ተራ ግን የምትታለለው ዶሮዋ አይደለችም። ቆዳቸውና እግራቸው ቢጫ የሆኑ ዶሮዎች በጣሉ ቁጥር ቢጫው ቀለም ከሰውነታቸው ወደ አስኳሉ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ የእንቁላል መውጫው ዙሪያ፣ ከዚያ የዓይኑ ዙሪያ፣ ከዚያ መንቁሩ፣ በመጨረሻም እግሩ ይነጣል። ከእነዚህ መካከል አጥንቶቿ የተራራቁ ሆነው እግሯ ሙሉ በሙሉ የገረጣ ዶሮ፣ ብዙ ወር የጣለች እንጂ ልትጀምር የተዘጋጀች አይደለችም።

ጥሬና ገላ

ታዲያ ያቺ ትልቅ ሳሶ አምስት ወር ሞልቷት ስለምን ዘገየች? የሻጩን ዶሮ ታሪክ ስለማላውቅ ስለ እርሷ መናገር አልችልም፤ ስለ ራሴ ጓሮ ግን መናገር እችላለሁ። ለየዝርያው የምንሰማው የወር ቁጥር የተለካው ምግቡ ተመዝኖ በሚሰጥበት፣ መብራቱና ሙቀቱ በሚጠበቅበት ቤት ነው። ለምሳሌ ቦቫንስ ብራውን በ20 ሳምንት ገደማ የመንጋው ግማሽ ይጥላል ሲባል፣ ዶሮዋ በ18 ሳምንቷ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል መመዘኗ አብሮ የተነገረ ያህል ነው። ክብደቱ ሳይሞላ ሳምንቱ ቢሞላ ዶሮዋ ትጠብቃለች እንጂ አትጥልም፤ ብትጥልም እንቁላሏ ያንሳል፣ ቶሎም ታቋርጣለች።

አብዛኞቻችን ባሕር ዳር ውስጥ የምንገዛው 45 ቀን የሞላውን ጫጩት ነው። ይህ አሠራር በእኔ ግምት ለጓሮ አርቢ ከመጡት መልካም ነገሮች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት የምትፈልግ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ሊያለማምዷት የሚገባ የአንድ ቀን ጫጩትን መብራት በሚጠፋበት ቤት በከሰል ማሳደግ ቀላል አይደለም። አሳዳጊው ሙቀቱንም ክትባቱንም ተሸክሞ ያሳልፍልናል። ነገር ግን ከ45 ቀን እስከ መጀመሪያው እንቁላል ያሉት ሦስትና አራት ወራት የእኛ ናቸው፤ በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ቄቦች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንደሚባለው፣ በቆሎና ዳጉሳ የተበተነላት ቄብ ደስ ብሏት ትለቅማለች፤ ክብደትም የምትጨምር ይመስላል። ጥሬ ግን ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋና አጥንት አይገነባም፤ ለዚያ ፕሮቲን ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከምትበላው ውስጥ ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ቢሆን ይመከራል፤ ከዚያ በኋላ እስክትጥል ድረስ 15 ወይም 16 በመቶ ይበቃል። ይህን ያህል በበቆሎ ብቻ ማግኘት አይቻልም። በሁለት ጓሮ ያሉ እኩያ ቄቦች አንዷ ምስጥ እየቆፈረች፣ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የኑግ ፋጉሎ እየተጨመረላት፣ ሌላዋ በሰሌን ላይ ከተሰጣ እህል ብቻ እየለቀመች ካደጉ፣ በአምስተኛው ወር ቁመታቸው ቢመሳሰል እንኳ ውስጣቸው አንድ አይሆንም።

የጣና ዳር ሰዎች በዚህ ረገድ ሌላው አርቢ ያላገኘው ዕድል አለን። ዓሣ አስጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ ገፈው ሲጨርሱ የሚጥሉት ጭንቅላት፣ አጥንትና የሆድ ዕቃ ፕሮቲንም ካልሲየምም አለው። ሳይበስል መስጠት አልወድም፤ ቀቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ወቅጬ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር እቀላቅላለሁ። ፋጉሎው ራሱ ወደ 30 በመቶ ፕሮቲን ስላለው ሁለቱ ሲገናኙ ዓሣው ጥቂት ቢሆን ይበቃል። ዓሣው ሲበዛ ደግሞ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ በጾም የዓሣ ወጥ የማይጠላ ቤተሰብ እንኳ እንቁላል ፍርፍር ላይ ይህን ጣዕም አይታገሥም። የጠላ አተላም ደርቆ ቢጨመር ጥሩ ነው፤ እርጥቡን በብዛት መስጠት ግን ጫጩቱን በውኃ ያጠግበዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነገር የጣይ ዶሮ መኖ ነው። ቶሎ እንድትጥል ተብሎ ለሦስት ወር ቄብ ሲሰጥ አያለሁ። በዚያ መኖ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፤ ገና ቅርፊት የማትሠራ ቄብ ይህን ያህል ካልሲየም የምታደርስበት ስፍራ ስለሌላት ኩላሊቷን ይጎዳዋል። አናቷ ሲቀላ፣ አጥንቶቿ ሲላቀቁ መኖውን መለወጥ ይበቃል፤ መኖ መግዛት ያልቻለም የእንቁላል ቅርፊት አቃጥሎ ወይም ቀቅሎ ፈጭቶ ለብቻው በዕቃ ቢያስቀምጥላት የምትፈልገውን ያህል ራሷ ትወስዳለች። ቅርፊቱ እንዳለ ከተሰጣት ግን እንቁላል መስበር ትለምዳለች።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል፤ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። ቄብ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ትነቃቃለች፣ እያጠረ ሲሄድ ትዘገያለች፤ በሰሜን ያሉ አገሮች አርቢዎች በዚህ ብዙ ይቸገራሉ። በባሕር ዳር ግን በሰኔ የሚያበራው ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ይላል፣ በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። አምፖል የሚያስፈልገው በየቀኑ እንቁላል ለሚጠብቅ ነጋዴ እንጂ ለጓሮ አይደለም። ክረምቱ በእርጥበቱና ፈንግል በሚባለው የዶሮ በሽታ ከጨለማው ይልቅ ይጎዳል፤ ዝናብ ሲጀምር ከሚነሣው ፈንግል የተረፈች ቄብ እንኳ በሽታው የወሰደባትን ሳምንታት ለመመለስ ሌላ ሳምንታት ትፈልጋለች። የፈንግል ክትባት ከዝናቡ በፊት ማስከተብ ከማንኛውም መኖ የተሻለ ትርፍ ያለው ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዝርያ የሚሰጠውና የሚወስደው

ወደ ዝርያው ስመጣ፣ ሰው ሁሉ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጀመሩ ትንሽ ያሳዝነኛል፤ መልሱ ዶሮዋ ምን እንድትሆንለት በሚፈልገው ላይ ነውና። ቦቫንስ ብራውን ከኔዘርላንድ የመጣች ለእንቁላል ብቻ የተሠራች ድቅል ናት። በሚገባ ከተቀለበች በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች፤ ጫጩቶቹም በቀለም ስለሚለዩ ቡናማዎቹ ሴት፣ ነጣ ያሉት ወንድ መሆናቸው በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። ነገር ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ካላገኘች፣ ፍርፋሪ ለቅማ ያንን ቁጥር ታወጣለች ብሎ መጠበቅ የዶሮዋንም የባለቤቷንም ጊዜ ማባከን ነው። ቀላል ሰውነት ስላላት ማረድ ሲፈለግም የምትሰጠው ሥጋ ጥቂት ነው።

ሳሶ የፈረንሳይ ዝርያ ናት፤ ለሥጋም ለእንቁላልም ተብላ ስለ መጣች ቶሎ ትገዝፋለች። የገበያው ሻጭ የተማመነው በዚህ ግዝፈት ነው። ግዝፈቷ የመጣል ዕድሜዋን እንደማያፈጥነው ግን እኒያ እናት በጣታቸው አሳይተውናል፤ እንዲያውም እንደዚህ ያለች ዶሮ በጥሬ ብዛት ስትሰባ በሆዷ የሚከማቸው ስብ እንቁላሉን ያሳንሳል። ፋዩሚ ደግሞ የግብጽ ፋዩም አውራጃ ልጅ ስትሆን ትንሽ፣ ፈጣን፣ በሽታን የምትችልና ቀድማ የምትጥል ናት፤ ያሳደጋት ሰው ግን አጥሩ ላይ ስትበር ማየት እንጂ እጁ ላይ መያዝ አይሆንለትም። የእንቁላሏም መጠን ከሐበሻዋ ብዙ አይበልጥም።

እኔ የማዳላው ለኮኮክ ነው፤ ይህን አልደብቅም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ ፖችፍስትሩም ጥቁር አውስትራሎርፕን ከነጭ ሌግሆርን ጋር በማዳቀል የተገኘች፣ ከዚያ በኋላ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት። ላባዋ ጥቁርና ነጭ መስመር እየተፈራረቀበት ጥላ በጥላ የተሠራ ሲሆን፣ ይህን መልክ የሚሰጠው ዘር ወንዱ ዘንድ ሁለት እጥፍ ስለሚገኝ አውራው ነጣ ይላል፣ ሴቷ ትጠቁራለች። ጫጩት ሳሉ እንኳ በአናታቸው ላይ ያለው ነጭ ነጥብ በወንዱ ሰፋ፣ በሴቷ ጠበብ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ አውራ እቀልባለሁ ሳይሉ ቄብ ማሳደግ ይቻላል። ጭራ ትበላለች፣ እንቁላሏም ቡናማና ደህና መጠን ያለው ነው። ከሁሉ በላይ ድቅል ስላልሆነች ልጆቿ እርሷን ይመስላሉ። የቦቫንስን እንቁላል አስታቅፎ ሌላ ቦቫንስ የሚጠብቅ ሰው ግን ወላጆቿ ያዋጡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መልሶ አያገኝም።

ስለ እንቁላሉ ቀለም አንድ ነገር ላንሣ። በገበያችን የሐበሻ እንቁላል ከፈረንጁ በላይ የሚሸጠው አስኳሉ ደማቅ ቢጫ በመሆኑ ነው፤ ገዢው ይህን የዘር ጠባይ አድርጎ ያስበዋል። አስኳሉን የሚያቀላው ግን ዶሮዋ የምትበላው ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ነው። በጓሮ ጎመን የጠገበች ሳሶም የሐበሻዋን የመሰለ አስኳል ትሰጣለች፤ ቅርፊቱ ቡናማ ስለ ሆነ ብቻ ዋጋዋን ታጣለች።

የምታቅፈዋ

ሽምብጥ የሚኖሩ፣ እትዬ እያልሁ የምጠራቸው ወዳጄ፣ ከሐበሻ ዶሮ ሌላ በግቢያቸው አስገብተው አያውቁም። የተናገርሁት ወቀሳ መስሏቸው አንድ ጊዜ፣ «የኔይቱ ስልሳ እንቁላል ብቻ ብትጥል፣ ሠላሳ ዶሮ ታሳድግልኛለች፤ ያንችይቱ ሁለት መቶ ጥላ አንድም ልጅ የላት» አሉኝ። ሠላሳው የተጋነነ ነው፤ ቢሆንም ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ስሠራው ያሉት ነገር አቅጣጫው ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የመጣል አቅሟ ደካማ መሆኑን ነው። እንዴት እንደምትጥል ብንከተላት ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከ12 እስከ 15 የሚሆን እንቁላል በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ትጥላለች፤ ከዚያ አቁማ ለ21 ቀን ታቅፋለች፤ ፈልፍላም ጫጩቶቿን ሁለት ሦስት ወር እየመራች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ በክንፏ እየሸሸገች፣ ምስጥ ጭራ እያሳየች ታሳድጋለች። አንድ ዙር እንዲህ አራት አምስት ወር ይፈጃል። እንቁላሏ ያነሰው አብዛኛው ዓመት በእናትነት ስለሚያልፍ ነው፤ የፈረንጆቹ ዝርያዎች ደግሞ የማቀፍ ጠባይ በምርጫ እንዲጠፋባቸው ስለ ተደረገ ያንን ጊዜ ሁሉ ለመጣል ያውሉታል። መፈልፈያ ማሽኑና አሳዳጊው ያንን እናትነት ተክተው የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸውም በጫጩቱ ዋጋ ውስጥ አለ።

ማቀፍ የማይፈለግበት ጊዜ ሲመጣ እናቶቻችን ያውቁበታል። ዶሮዋን ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ይሰዷታል፣ ወይም እግሯን ይዘው ያንጠለጥሏታል። ማንጠልጠሉን አልደግፍም። ወደ ሌላ ግቢ መውሰዱ ግን ምክንያት ያለው ጥበብ ነው፤ ሞቃቱን ጎጆዋን ስታጣ፣ ሆዷም ነፋስ ሲያገኝ የማቀፍ ስሜቷ ይለቃታል፣ ከጥቂት ጊዜም በኋላ መልሳ መጣል ትጀምራለች።

«የሐበሻ ዶሮ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የአንዳሳ የምርምር ማዕከል ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ዶሮዎች ጎን ለጎን ተጠንተዋል፦ የጥልሊ፣ የገሊላ፣ የደብረ ኤልያስ፣ የመሎ ሐሙሲት፣ የጋሳይ፣ የጓንጓ፣ የመጫ እየተባሉ። በዕድገታቸውም በመልካቸውም ይለያያሉ። በቢሾፍቱም የሆሮ ዶሮዎችን በየትውልዱ የተሻሉትን እየመረጡ በማራባት የመጣል ዕድሜያቸውን ማፍጠንና የእንቁላላቸውን ቁጥር ማሳደግ ተችሏል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ በጓሮአችን ያለችው ዶሮ ዘገምተኛ የሆነችው የሚመርጥላት ስላልነበረ ጭምር መሆኑን ያሳያልና። እኛ ደግሞ ሳናውቀው በተቃራኒው እንመርጣለን፤ ለበዓል ቀድሞ የሚታረደው ቀድሞ የገዘፈው አውራ ስለ ሆነ፣ ዘር ሆኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ማንም ያልተመኘው ነው።

ከእትዬ ጋር ለመስከረም የምናስበው ከዚህ የተነሣ ነው። የኮኮክ እንቁላል የሐበሻ ዶሮ ታቅፋ ትፈልፍላቸው፣ ጫጩቶቹን እኩል እንካፈል ተባብለናል። አውራው ኮኮክ፣ ሴቷ ሐበሻ ብትሆን ልጆቹ ሁሉ የአባታቸውን ጥላ ይዘው ስለሚወጡ ወንድና ሴት በቀለም መለየት ያስቸግራል። ብንገለብጠው፣ ሴቷ ኮኮክ፣ አውራው ባለ ጥላም ነጭም ያልሆነ ቀይ ሐበሻ ቢሆን ግን፣ ወንዶቹ አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው፣ ሴቶቹ ያለ ነጥብ ጥቁር ሆነው ይፈለፈላሉ። ስለዚህ የእኔ ኮኮኮች ከእርሳቸው አውራ ጋር ይገናኛሉ፤ ከሳምንት ያልበለጠ፣ ያልታጠበ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነውን እንቁላል ብቻ መርጠን፣ በኋላ ከሚጨመርባት እንዲለይ በከሰል ምልክት አድርገን እናስታቅፋታለን። በመስከረም የታቀፈው በጥቅምት ቢፈለፈል፣ ቄቦቹ የሚደርሱት ዐቢይ ጾም ውስጥ ይመስለኛል፤ ያኔ ለ55 ቀን እንቁላል ገዢ ስለሌለው የመጀመሪያው እንቁላል ትንሽ መሆኑ ማንንም አይጎዳም።

ስለ አውራው ግን ገና አልተስማማንም። እትዬ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ድርብ የሆነውን ይመርጣሉ፤ ገበያ ላይ ዋጋ ያለው እርሱ ነው ይላሉ፣ በዚህም ልክ ናቸው። እኔ የምፈልገው እናቱ ቀድማ የጣለችውንና ከእኅቶቿ የበለጠ ያሳደገችውን ነው፤ እርሱ ግን አናቱ ነጠላ፣ ላባውም የደበዘዘ ነው። እትዬም፣ «መልኩን የማይወዱትን አውራ ማን ይገዛሻል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ልጆቹን እንጂ እርሱን አንሸጠውም እላለሁ፤ ፋሲካ ሲደርስ ማን እንደሚታረድ ግን ሁለታችንም አልተናገርንም።